ጦጢትና አርባው ቀፎ

"ተረት ላውርድ?"

"ያውርዱት!"

"ከየት?"

"ከዋርካው ራስ!"

እንግዲያው ጠጋ በሉ። አንተም ደምሰው፣ ያንን ስልክ ኪስህ ክተትና ጠጋ በል። አክሲዮን ገዛሁ ካልክ ወዲህ እንቅልፍ የለህም። የገበያው ቁጥር ወጣ፣ የገበያው ቁጥር ወረደ፣ እያልክ የልጅ ልጆቼን ጭምር አስጨነቅሃቸው። ተረቱ ላንተም ነው።

ዱሮ፣ አውሬው ሁሉ እንደኛ በሚያወራበት ዘመን፣ ስሙ በጠፋኝ አገር አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር። አገሬው ተሰብስቦ አርባ ቀፎ ሰቀለበት። ሕጉ ቀላል ነው። አንድ ቀን የሠራ አንድ ክር ይሰጠዋል፤ ክሩን ደስ ባለው ቀፎ ላይ ያስራል። በሦስተኛው ዓመት ማር ሲቆረጥ ከዚያ ቀፎ ድርሻውን ይወስዳል። ንቡ ከኮበለለ ግን ምንም የለውም።

የዋርካው ጠባቂ አባ ጉሬዛ ነበሩ፤ ነጭ ካባ የደረቡ ሽማግሌ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግንዱ ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው የአርባውን ቀፎ ድምፅ ባንድነት ያዳምጣሉ። ከዚያ በገላቸው ለክተው ይጮኻሉ፦ "ዋርካው ዛሬ እስከ ጉልበት ጥዝዝ አለ!" ንቡ ሲበረታ "እስከ ወገብ!" ሲደክም "እስከ ቁርጭምጭሚት!" ያንዱን ቀፎ ወሬ ለብቻው አይናገሩም፤ የሁሉንም ነው።

ጦጢት ያን ጊዜ ልጇን ልትድር ነው። የማዶዎቹ ጦጣዎች ሽማግሌ ልከው፣ "ልጅሽን በደስታ እንወስዳለን፤ ጠጅ የሌለበት ሰርግ ግን ያዋርደናል" ብለዋታል። ሰርጉ ማሩ እስኪቆረጥ ይቆያታል፤ አንድ ጋን ጠጅ የሚወጣው ማር ግን ያስፈልጋታል። አርባ ቀን ለፍታ አርባ ቀይ ክር አገኘች።

አህይትም አርባ ቀን ጭቃ ተሸክማ አርባ ግራጫ ክር አገኘች። የእሷ ጉዳይ ሌላ ነው። ጀርባዋ ገጣባ ስለሆነ፣ ስታረጅ ቁስሏን በማር ልታክምበት ነው።

ጦጢት ቀፎዎቹን አንድ በአንድ አሸተተችና አርባውንም ክር አራተኛው ቀፎ ላይ አሰረች። አህይት በየቀፎው አንዳንድ አሰረች።

ጦጢት በሳቅ ልትወድቅ። "አንቺ አህያ! መምረጥ አቃተሽ?"

"አዎ አቃተኝ። የቱ ማር እንደሚይዝ በምን አውቃለሁ? አህያ አይደለሁ?"

"ባዶ በሚቀረውም ላይ እኮ አሰርሽ!"

"በሚሞላውም ላይ አስሬያለሁ" አለች አህይት፣ ጆሮዋን እያርገበገበች።

እዚያ ዋርካ ላይ አንዲት ቁራ ነበረች። ሥራዋ ድለላ ነው። ክር ለሚያዛውር ሰው፣ ምን ሰው እላለሁ፣ ለሚያዛውር አውሬ ትፈታለች፣ ታስራለች።

በመጀመሪያው ክረምት አባ ጉሬዛ "እስከ ጉልበት!" አሉ። ቁራ ከች አለች።

"እመት ጦጢት፣ ሰማሽ?"

"ምኑን?"

"አራተኛው ቀፎ ደክሟል አሉ። ዘጠነኛው ነው የበረታው። ልፍታ፣ ልሰር፣ ሁለት ክር ለድካሜ!"

ለጦጢት የልጇ ሰርግ ታያት። "ፍቺ! እሰሪ! ፍጠኚ!"

በሳምንቱ "እስከ ወገብ!" ተባለ። ቁራ ከች። "ሰማሽ? ሃያኛው ቀፎ ጉድ እያሳየ ነው። ልፍታ፣ ልሰር፣ ሁለት ክር ለድካሜ!"

"ፍቺ! እሰሪ!"

እንዲህ ሆነላችሁ ኑሮዋ። ምግብ ከአፏ አይገባ፣ ልጇን አታጫውት። ቅዳሜን ለመጠበቅ ትዕግሥት አጥታ ማክሰኞም ግንዱ ሥር ትንቆራጠጣለች። አባ ጉሬዛ እንኳ፣ "ኧረ ተይ ልጄ፣ ዋርካው ስላየሽው አይፈጥንም!" ቢሏት ወይ ፍንክች።

በሦስተኛው ዓመት ዝናብ ቀረ። አበባው ደረቀ። አባ ጉሬዛ ጎንበስ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ዋርካው ዛሬ እስከ ቁርጭምጭሚት..." አሉ። አገሩ ተተራመሰ!

"ፍቺልኝ!" አለች ጦጢት። "የትም አትሰሪው! ከጉንጬ የተሻለ የማምነው የለም!"

ቁራ ሁለት ክሯን ተቀብላ ፈታችላት። ከአርባው ክር አሥራ ሁለት ቀርቶ ነበር። ጦጢት ጉንጯ ውስጥ ወተፈችውና በዚያች ሌሊት ብቻ እንቅልፍ ወሰዳት።

አህይትን ስታገኛት፣ "አንቺ አልፈራሽም?" አለቻት።

"ፈራሁ እንጂ! ግን አርባ ቀፎ ዞሬ ልፈታ? ሰነፍ ነኝ እኮ።"

ዝናቡ ዘግይቶ መጣ። ግራዋው አበበ፣ አደዩ ፈካ። "እስከ ጉልበት!" ሲባል ጦጢት፣ "ገና ነው፣ ተመልሶ ይወርዳል" አለች። "እስከ ወገብ!" ሲባል፣ "አሁንማ ረፈደ፤ ትንሽ ዝቅ ይበልና አስራለሁ" አለች። ቀጥሎ አባ ጉሬዛ እጃቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው ጮኹ፦ "ዋርካው ዛሬ ከራስ በላይ ጥዝዝ አለ! ማር ይቆረጥ!"

አሥራ አንዱ ቀፎ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሌላው ሞልቷል። አህይት ከየሞላው ጥቂት ጥቂት አጠራቅማ አንድ ጋን ሙሉ አወጣች። አብሯቸው የሠራው ከርከሮ ክሩን በሙሉ አንድ ቀፎ ላይ አስሮ ሁለት ጋን አገኘ፤ አልዋሽም። ግን ባዶዎቹ ላይ ያሰሩትም እኮ እንደሱ መርጠው ነበር። የእነሱን ወሬ ማን ያወራል?

ጦጢት የረጠበውን ክር ከጉንጯ አውጥታ ዘረጋች። አባ ጉሬዛ አዘኑ። "ልጄ፣ ክር ብቻውን ማር አይሰጥም።"

ቀና ስትል ምን ብታይ ጥሩ ነው? ቀይ ክር! እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ፣ በሃያ ስምንት ቀፎ ላይ፣ በየቀፎው አንዳንድ!

"የኔ ክር!"

"የኔ ነው እንጂ" አለች ቁራ፣ ማሯን እየጫነች። "ለድካሜ የከፈልሽኝ።"

"እና ለምን አንዱ ላይ አላሰርሽውም? በረታ፣ ደከመ ስትዪኝ አልነበር?"

"እኔማ እንደ አህይት ነው ያሰርኩት። ወሬው ላንቺ ነበር።"

ሰርጉ ደረሰ። ጦጢት ጨንቋት ቅራሪ ቀዳች። የማዶዎቹ ቀመሱና ተያዩ፤ ከዚያ እያጨበጨቡ ዘፈኑ፦

"የሙሽራ እናት ደግ ናት፣ ደግ ናት፣
ጠጁን ለቁራ፣ ቅራሪን ለአማት።"

ልጅቷ ከመጋረጃው ኋላ ስታለቅስ ተሰማች። የጦጢትን አንጀት የቆረጠው ይሄ ነው። እስከ ዛሬ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ስትዘል፣ ቆም ብላም ጉንጯን ስትዳስስ ታዩአታላችሁ። የቀረ ክር ካለ እያለች ነው።

ደምሰው፣ እጅህ ኪስህ ውስጥ ምን ያደርጋል? ተው፣ እረፍ!

እኔ ተረቴን ከዋርካው አወረድኩ፣ እናንተ አፌን በማር አብሱ። ማር በተቆረጠ ዕለት አባ ጉሬዛ ያሉትን ግን አትርሱ፦

ለሚዘል ቅርንጫፍ፣ ለሚቆይ ሙሉ ዛፍ።