ያልተቀመጠባት በርጩማ

አንድ ሊቅ ነበረ። ሃሃሃ! ኧረ ቆዩኝ እናንተዬ፣ ሳቄ ይውጣልኝ፤ ዋናው ገና ከኋላ ነው የሚመጣው። እሺ። አንድ ስለ እርሻ ያጠና፣ ለገበሬ እንዴት እንደሚያልፍለት ባሕር ማዶ ድረስ ሄዶ የተማረ ሊቅ ነበረ። ስሙ ዶክተር ሸዋንግዛው። ሥራው በየኅዳሩ ሾላ በር ወደምትባል መንደር በመኪና ሄዶ፣ ገበሬውን ጠይቆ፣ መንግሥት ምን ማድረግ እንዳለበት መጻፍ ነው። እሱ ተቸግረዋል ካለ ዘር ይላካል። ደህና ናቸው ካለ ለሌላ ይሰጣል።

መንደርተኛው መኪናዋን ከሩቅ ሲያይ እንግዳ መጣ ብሎ ተፍ ተፍ ይላል። የሽማግሌው የአያ ደምለው ሚስት እትዬ ወርቅያንጥፉ በርጩማ ያወጣሉ፣ አጎዛ ጣል ያደርጉባታል፣ ሾላው ጥላ ሥር ያስቀምጧታል። ሊቁ ግን መቼ ተቀምጦ! ሞተሩ ሳይጠፋ ይወርዳል፣ ቅጹን መኪናው ላይ ዘርግቶ ይጠይቃል።

"ቤተሰብ እንዴት ነው?"

"ይመስገን፣ ደህና።"

"ከብቱስ?"

"ይመስገን፣ ደህና።"

"አዝመራውስ?"

"እሱም ይመስገን፣ ደህና ነው ጌታዬ።"

ደህና፣ ደህና፣ ደህና ብሎ ይጽፋል። ሹፌሩ ክላክሱን ይነፋል። ሄደ! በርጩማዋም አጎዛዋን እንደለበሰች ወደ ቤት ትመለሳለች።

ከዓመታት በአንዱ ግን ውርጭ ወረደ። አርባውም ቤት ያጨደው ገለባ ሆነ። መንደሩ ተሰብስቦ መከረ። "ዘንድሮስ ለሰውየው እንንገረው፤ ለከርሞ የምንዘራው ይላክልን። አለዚያ ማለቃችን ነው" ተባለ። አያ ደምለው ተወከሉ። ሊቁ መጣ፣ እንደ ልማዱ ቆሞ ጠየቀ። እሳቸውም እንደ ደንቡ ይመስገን ደህና፣ ይመስገን ደህና አሉና በእጃቸው ወደ በርጩማዋ አመለከቱት።

"አሁን አረፍ ይበሉ ጌታዬ። የምንጨዋወተው ነገር አለ።"

"ቸኩያለሁ አባቴ! ለከርሞ ይሁን!" አለ። አንድ እግሩ መኪናው ውስጥ ነው።

አያ ደምለው ጋቢያቸውን እየጎተቱ፣ አቧራውን እየዋጡ እስከ ወንዙ ሮጡ። አልደረሱበትም።

አገሩ ሁሉ ውርጭ መታን ብሎ ሲያለቅስ፣ ሊቁ "ሾላ በር ግን ውርጭ ያልበገራት መንደር ናት" ብሎ ጻፈ። ተጨበጨበለት። ዘሩ ተጭኖ ወደ ሌላ ወረዳ ሄደ። እሱ ተሾመ፣ ሜዳሊያ ደረቱ ላይ ተንጠለጠለለት፣ የሾላ በርን ጥንካሬ እየዞረ ሲያስተምር ሃያ ዓመት ሞላው። መንደሯን ግን ዳግመኛ አልረገጣትም። ምን ያደርግላታል፣ ደህና ናታ!

ጡረታ ሲወጣ ስለ ሾላ በር ወፍራም መጽሐፍ አሳተመ፤ አንዱን ለመንደሩ ሰዎች በእጄ ልስጥ አለ። መኪናውን አስረክቧል። በአውቶቡስ ሄደ፣ ከዚያ ሦስት ሰዓት በእግሩ ኳተነ። ሲደርስ መንገዱን አረም ውጦታል። ጣሪያዎቹ ፈራርሰዋል። የሚጨሰው አንድ ቤት ብቻ ነው። ደጁ ላይ አያ ደምለው ተቀምጠዋል።

"እንደምን ነዎት አያ ደምለው?"

"ይመስገን፣ ደህና።"

"ከብቱስ?"

"ይመስገን፣ ደህና።"

ሊቁ ወደ በረቱ አየ። ሳማ በቅሎበታል።

እትዬ ወርቅያንጥፉ በርጩማዋን አወጡለት። የሚጠብቀው መኪና የለም፣ እግሩም ዝሏል። ተቀመጠ፤ በዚያች መንደር ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ። ውሃ ጠጣ። ያኔ አያ ደምለው ጉሮሯቸውን ጠረጉና "እንግዲህ አሁን እንጫወት" አሉ።

በውርጩ ዓመት ለዘር የተቀመጠችው እህል ተበላች። በሬዎቹ ተሸጡ። የአያ ደምለው ሦስት ልጆች ሰሊጥ አጨዳ ብለው ቆላ ወረዱ፣ አንዱም አልተመለሰም። ሠላሳ ዘጠኙ ቤት አንድ በአንድ እሳቱን አጠፋ።

ሊቁ ጮኸ። "ደህና ነን ብለውኝ የለም እንዴ? በራስዎ አፍ!"

"ሰላምታ ነዋ ልጄ! አንተ ቆመህ፣ ሞተሩ እያጓራ፣ አለቅን ልበልህ? ነውር አይደለም? ክፉ ወሬ እኮ እንግዳ አረፍ ካለ በኋላ ነው የሚነገረው። ይህን የማያውቅ አለ? አንተ የት ነው የተማርከው?"

ሊቁ እስክሪብቶውን አወጣ። "አሁን እጽፈዋለሁ" አለ።

"ጻፈው" አሉ እትዬ ወርቅያንጥፉ፣ ባዶዎቹን ቤቶች እያዩ። "ዘሩ ሲመጣ ማን ይዝራው?"

ሊቁ እስክሪብቶውን መልሶ ኪሱ ከተተ። መጽሐፉም ከቦርሳው ሳይወጣ አደረ።

እንግዲህ ሰው ደህና ነኝ ሲል ሁልጊዜ ደህና ሆኖ አይደለም፤ ቆመን ስለጠየቅነው ነው። የሰው ችግር ተቀምጦ የሚሰማው ይፈልጋል። ያልተሰማ ችግር ደግሞ አይጠብቅም፤ መንደር ይዞ ይሄዳል። እናንተስ ዛሬ ማንን በቁማችሁ ጠይቃችሁ፣ "ደህና" ስትባሉ ተገላገልን ብላችሁ አለፋችሁ?

ከኋላ ይመጣል ያልኳችሁ ይኸው ነው፤ ሳቁም እዚህ ላይ ያልቃል። በማግስቱ ሊቁ ሊሄድ ሲነሳ አያ ደምለው በርጩማዋን አንስተው አስታቀፉት። ጡረታ መውጣቱን አልነገራቸውም ነበር።

"ይዘሃት ሂድ ልጄ" አሉት። "ሌላ መንደር ስትሄድ ትቀመጥባታለህ።"