በሰንጋ ገመድ የተለካች ልጅ

አንድ ሰው ነበረ፤ በሬ አድላቢ። በሚኖርበት አገር በሬ ሜዳ ተለቆ አይደልብም። ግቢ ውስጥ አንድ ቦታ ይታሰራል፤ የማሽላ ቅጠልና አገዳ እየቆረጡ በእጅ ያጎርሱታል፤ ውሃው እንኳ ካለበት ድረስ ይመጣለታል። አድላቢ ሰው በሬው ሲራመድ ማየት አይወድም። የተራመደ በሬ የበላውን በመንገድ ላይ ጨርሶ ይመለሳል ይላል።

ስንዱ፣ ጥያቄሽን ትቼ የማይመለከትሽን የማወራ እንዳይመስልሽ። ማክሰኞ ጤና ጣቢያ ወረፋ ስንጠብቅ፣ የልጄን ክንድ ለክተው ቀጭን ነው አሉኝ፣ እንዴት አድርጌ ላወፍረው ብለሽ የጠየቅሽኝን ነው የምመልስልሽ። እዚያው ልነግርሽ ፈልጌ ነበር። ግን ልጆቹ ይሰሙ ነበር። ስለዚህ ጻፍኩት።

ይህ ሰው አንድ ገመድ ነበረው። በየሳምንቱ በሰንጋው ደረት ዙሪያ ያዞረዋል። ገመዱ ላይ ቋጠሮዎች አሉ። በሬው በወፈረ ቁጥር የገመዱ ጫፍ ወደሚቀጥለው ቋጠሮ ያልፋል። የመጨረሻው ቋጠሮ ላይ ሲደርስ ያ በሬ ለገበያ ደርሷል። እጁ የተባረከ ነው ይሉት ነበር። በዓል ሲቃረብ ነጋዴዎች ከሩቅ ይመጡለት ነበር።

በልጅ ግን አልቀናውም። ሁለት ልጆች ወልዶ ሁለቱም ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳይጨርሱ ሞቱበት። የሞቱት ከስተው ነው። ዝናብ የቀረበት ጊዜ ነበር፤ ላም ነጠፈች። የጤና ሠራተኛዋ በክንዳቸው ዙሪያ የምታደርገው ባለቀለም መለኪያ የሁለቱንም ቀይ ላይ አሳየ። ሁለተኛውን ቀብሮ ሲመለስ ለሚስቱ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ።

«ከእንግዲህ በዚህ ቤት ከሲታ ልጅ አይኖርም» አላት።

ሦስተኛዋ ሴት ሆነች። ጡት ከጣለች ጀምሮ በሬዎቹን እንደሚይዝ ያዛት። ገንፎ በቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል፤ ከገበያ ሲመለስ ደግሞ ብስኩትና ለስላሳ። ጠገብኩ ስትል አገጯን ይዞ ያጎርሳታል። ውሃ ሲጠማት ተነስታ አትቀዳም፣ እናቷ ታመጣላታለች። ከአጥር ውጭ የጎረቤት ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ፣ ገመድ ሲዘሉ ድምፃቸው ይሰማል። ልጅቷ በአጥሩ ቀዳዳ ታያቸዋለች። ልሂድ ስትል፣ ያበላሁሽን እያዘለሉ ያስጨርሱሻል ይላታል። አንድ ሁለቴ አለቀሰች። ከዚያ መጠየቁን ተወች። ልጆቹም ስሟን ረስተው ሰንጋዋ ይሏት ጀመር።

ቅዳሜ ጠዋት በሬዎቹን ለክቶ ሲጨርስ እሷን ይጠራታል። በዚያው ገመድ ላይ ለእሷ ቀይ ክር አስሮበት ነበር፤ ወደፊት እዚህ ትድረስልኝ ብሎ ያሰበው ልክ ነው። ሳትታዘዝ እጇን ወደ ላይ ታነሳለች፣ ትንፋሿን ትይዛለች። ሚስትየው አንዱን ጫፍ ትይዛለች፣ እሱ ያዞራል። ካለፈው ሳምንት ልኳ ከበለጠች ከረሜላ ይሰጣታል። ሚስትየውም እልል ትላለች። ስንዱ፣ የምሬን ነው የምልሽ፤ ከልቧ ነበር እልል የምትለው።

አንድ ቀን አንድ ደላላ ግቢው ገብቶ በሬዎቹን ሲያይ ልጅቷን አያት። «ይቺኛዋንስ መቼ ነው ወደ ገበያ የምታወጣት?» አለው። ሰውየው ሳቀ። ሚስቱም ሳቀች። ልጅቷም ሰዎች ስለሳቁ ሳቀች።

ሚስትየው አንድ ጊዜ ብቻ ፈራች። ልጅቷ ከግቢው እስከ ቤት በር ያለችውን ትንሽ አቀበት ስትወጣ ታለከልካለች አለችው። ሰውየው አልተቆጣም። ቀስ ብሎ ነው የመለሰላት። «ያለከለከ ልጅ ሞቶብሽ ያውቃል? የሞቱብሽ ከሲታዎቹ ናቸው» አላት። እውነቱን ነው። ተመልሳ ገንፎዋን ልታገነፋ ገባች።

ትምህርት ቤት ስትገባ በአህያ ያደርሳት ነበር፣ በአህያ ይመልሳት ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት አዲስ መምህር መጣ። ልጆቹን ሁሉ አሰልፎ ሜዳውን አንዴ ብቻ ዙሩ አላቸው። ሌሎቹ ዞረው እየተሳሳቁ ሲመለሱ እሷ ግማሹ ላይ ተንበርክካ ነበር። ከንፈሯ ጠቁሯል። ውሃ አፈሰሱባት።

ከተማ ሆስፒታል ወሰዷት። ሐኪሙም ለካት፤ ክብደቷን፣ ቁመቷን፣ የወገቧን ዙሪያ። አባትየው ሐኪሙ ሜትር ሲያወጣ ደስ አለው፤ አሁን ያደንቃታል ብሎ ነበር። ሐኪሙ ቁጥሩን ጽፎ ደም ቀዳ። ውጤቱ ሲመጣ አስቀምጦ ነገራቸው። ደሟ ውስጥ ስኳር በዝቷል፤ ግፊቷ የሽማግሌ ግፊት ነው፤ ልቧ የማይችለውን ተሸክሟል። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ይህቺ ልጅ ሮጣ ታውቃለች?»

«ለምን ትሮጣለች?» አለ አባትየው። «ምን ጎድሎባት?»

ሐኪሙ ይህንንም ጻፈ። በኋላ መድኃኒት አለው፣ ምግቧን እናስተካክላለን፣ ቀስ እያለች መንቀሳቀስ ትልመድ አለ። ይድናል ግን አላለም። ሚስትየው ያቺን ቃል ጠብቃ ጠብቃ አጣቻት።

ሰውየው ቤቱ ሲገባ ገመዱን ከተሰቀለበት አወረደ። ቀዩን ክር በቢላ ቆርጦ ጣለ። የግቢውን በር ወለል አድርጎ ከፈተና ገመዱን ለልጅቷ ሰጣት። «በይ ሂጂ፣ ዝለይ» አላት።

ልጅቷ ገመዱን ተቀበለች። የተከፈተውን በር አየች፣ አባቷን አየች። ከዚያ ገመዱን ራሷ በደረቷ ዙሪያ አዞረችው። ትንፋሿን ያዘች። ሁለቱን ጫፎች ወደ እሱ ዘረጋችለት።

«አባባ፣ ደርሻለሁ?» አለችው።

ሰውየው በሬው የሚታሰርበት ቦታ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰንጋዎቹን በዓይኑ ገምቶ ነው የሚሸጣቸው።

ስንዱ፣ ምሳሌው ይህ ነው። ሰንጋ የሚደልበው ለሚታረድበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በምን ጉልበቱ ይሄዳል፣ ልቡስ ይችላል ወይ ብሎ የሚያስብለት የለም፤ ማሰብም አያስፈልግም። ልጅ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ነው የሚኖረው። እኛ አንዱን ሙያ አውቀን ለሁሉም የሚሆን መሰለን። በሥጋዋ ላይ ዓይናችንን ተክለን፣ ሥጋውን የምትሸከመዋን ረሳን።

ማክሰኞ ዕለት አጠገቤ የሁለት ሰው ቦታ ይዛ የተቀመጠችውን ልጅ አይተሽ፣ «ምን አብልተሻት ነው እንዲህ ያማረችው?» ያልሽኝ፣ እሷ ናት። የገመዱን አንዱን ጫፍ የምይዘው እኔ ነበርኩ። እልል ያልኩትም እኔ ነኝ።

ልጅሽን አብዪው። ክንዱ ቢጫ ላይ ነው ካሉሽ የሚሰጡሽን ምግብ ሳታቋርጪ ስጪው፣ ቀጠሮሽንም አትቅሪ። ግን ያን ቀን ወረፋው መሀል ሲሯሯጥ እጁን ይዘሽ፣ ያለችህን ሥጋ ልትጨርሳት ነው ብለሽ ጉልበትሽ ላይ አስቀመጥሽው። ልቀቂው። እንደዚያ አድርገሽ አትያዥው።

ይህን የምልሽ ልኩን አውቄው አይደለም። ሁለቱን ከስተው ቀበርኳቸው፤ ይቺኛዋ ወፍራ ፊቴ ትቃትታለች። ዛሬ ጠዋት እስከ አጥሩ በር ሄዳ ቁጭ አለች። ከበሩ ማዶ ልጆች ይዘላሉ፤ እሷ ታያቸዋለች። መለካት ትቻለሁ ብዬ ነበር። ይኸው እዚህ ተቀምጬ ደረቷ ሲነሳና ሲወርድ እቆጥራለሁ።