በአናጢው ደጅ የቆመችው ሳንቃ

«አንድ አናጢ ነበረ» አሉ መምህር አጥናፉ።

ትርንጎ የጠየቀቻቸው ስለ አናጢ አልነበረም። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጻፈች ሰው በሚያየው ቦታ ማውጣት ጀምራ ነበር፤ አሁን ግን ፍርሃት ያዛት። «መምህር፣ ጽሑፌ ገና ጥሬ ነው። እስኪበስል ደብቄ ባቆየው አይሻልም?» ብላ ነበር የጠየቀቻቸው። እሳቸው ይሻላል፣ አይሻልም ሳይሉ ወደ ጨዋታቸው ገቡ።

አንድ አናጢ ነበረ። ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር አልጋና በር እየሠራ ይኖር ነበር። ሚስቱ ስትሞት ቤቱ ጭር አለ። ሰውየው በሰው ፊት ብዙ የሚናገር አልነበረም፤ ለእሷ ግን የዋለበትን ሁሉ ያወራላት ነበር፤ ይህ ግንድ አስቸገረኝ፣ እገሌ በሩን አይቶ ደስ አለው፣ እያለ። ከሞተች በኋላ ወሬው ሆዱ ውስጥ እየተጠራቀመ አስጨነቀው። አንድ ቀን ታዲያ ከሥራ የተረፈች ሳንቃ አንሥቶ በጠመኔ ጻፈባት፦ «ዛሬ የዋንዛ ግንድ ሰነጠቅሁ። ልቡ ማር ይመስላል።» ጽፎ ሲጨርስ ቀለል አለው።

መጀመሪያ ሳንቃዋን የሚያስቀምጣት ጓዳ ነበር። ጓዳ ሆኖ ግን አንድ ቀን ይጽፋል፣ ሌላ ቀን ይረሳል፣ ሲደክመው ይተዋል፤ የሚጠይቀው የለማ። በኋላ ከደጁ አውጥቶ ግድግዳው ላይ አስደግፎ አቆማት። ማለዳ የትናንቱን ይጠርግና አዲስ ይጽፋል፤ ጠመኔውን እዚያው ከሥሯ ይተወዋል። ከመንገዱ ማዶ ጌሾ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ፊደል ስለማታውቅ አላፊውን እያስቆመች ታስነብባለች። አንድ ቀን ሳይጽፍ ቢያረፍድባት መንገዱን ተሻግራ መጣችና አሞት እንደሆነ ጠየቀችው። ከዚያ ወዲያ መጻፍ እንደ ፊት መታጠብ ሆነለት።

የሚጽፈው ትልቅ ነገር አልነበረም። ስለ መጋዝ፣ ስለ ዝናብ፣ አልጋ ሊያሠሩ መጥተው በአልጋው ስፋት ስለተኳረፉ ሙሽሮች። አንዳንዱ ያስቃል፣ አንዳንዱ ፍሬ የለውም።

በአንድ የገበያ ቀን ፊደል የጠገበ መንገደኛ ቆሞ አነበበና ሰው ሁሉ እየሰማ ሳቀ። አናጢው «ሠራሁ»ን በእሳቱ ሰ ጽፎት ኖሯል። ፊደሉን እንዲህ የሚያጣምም ሰው በሩንስ እንዴት አድርጎ ያቃናዋል ብሎ አለፈ። አናጢው እስከ ጆሮው ነደደ። ሳንቃዋን ይዞ ገባና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞራት። ፊደሉን አጥርቼ ሳልማር አላወጣትም ብሎ ለራሱ ማለ።

ሳንቃዋ ሳትወጣ ሰነበተች። እሱም አልተማረ፣ አልጻፈ። በመጨረሻ ጌሾ ሻጯ መጥታ ከበሩ ቆመች።

«ስሕተቱን እኔ አላውቅም» አለችው። «እኔ የማውቀው ወሬህ እንደቀረብኝ ነው።»

በማግስቱ ሳንቃዋ ወጣች። ፊደሉ እንደተንጋደደ ነው፣ እሱም እንደፈራ ነው፤ ግን ወጣች።

ይህ ሰው ከመንደሩ ዳር የሚኖር አንድ ታናሽ ወንድም ነበረው። አይነጋገሩም። እናታቸው የሞተች ጊዜ ታናሹ ሩቅ አገር ነበረ። ታላቁ፣ ዘመድ አዝማድ ሬሳ አይደር ቢለው፣ ወንድሙን ሳይጠብቅ ቀበራት። ታናሹ ሲደርስ የመቃብሩ አፈር ደርቆ ጠበቀው። ከዚያ ወዲህ አናጢው ሽማግሌ ቢልክ፣ ቄስ ቢልክ፣ ታናሹ እሺ አላለም። ገበያ ሲወጣ ሲወርድ እንኳ የወንድሙን ደጅ ላለማየት በሌላ መንገድ ይዞራል።

አንድ ክረምት ያን ሌላውን መንገድ ጎርፍ ቆረጠው። አናጢው ይህን ልብ አላለም። ያን ጠዋት እንዲህ ጽፎ እንጨት ሊያመጣ ሄደ፦ «ዛሬ ዱካ መሥራት ጀመርሁ። እናታችን ትቀመጥባት የነበረችው ባለ ሦስት እግር ነበረች።»

ሲመለስ ከጽሑፉ በታች ሌላ ጽሑፍ አገኘ፦ «አራት ነበራት። አንዷ አጭር ስለሆነች መሬት አትደርስም ነበር።»

አናጢው የተሸከመውን እንጨት ሳያወርድ ቆመ። ያችን ዱካ የሚያውቅ ሰው በዚህ ዓለም ከእሱ ሌላ አንድ ብቻ ነው የቀረው። ወደ ወንድሙ ቤት ሊሮጥ አሰበ፤ ግን ፈራ። ሽማግሌ የመለሰ ሰው እሱንስ ቢመልሰው? ስለዚህ የለመደውን አደረገ። በማግስቱ ማለዳ ሳንቃዋን ጠርጎ፣ «እውነት ነው፣ አራት ነበራት። ያችን እግር ማን ሰብሯት ነበር?» ብሎ ጻፈ። መጋዙን ይዞ ተቀመጠ፤ አንድ እንጨት ግን አልቆረጠም።

ረፋዱ ላይ ታናሽ ወንድሙ መጥቶ ሳንቃዋ ፊት ቆመ። ጠመኔውን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው።

«እኔ ነኝ የሰበርኳት» አለ፣ ዓይኑን ከሳንቃዋ ሳያነሣ። «የተገረፍህባት ግን አንተ ነህ።»

«ረስቼው ነበር።»

«አልረሳኸውም።» ታናሹ ወደ እሱ ዞረ። «ለምን አልጠበቅኸኝም?»

ሽማግሌዎቹ ይዘው የሄዱት ምክንያት ብዙ ነበር። አናጢው አንዱንም አላነሣም።

«መጠበቅ ነበረብኝ» አለ። «በድዬሃለሁ፣ ወንድሜ።»

ታናሹ ተቀመጠ። ዱካዋ ገና እግር ስላልገባላት የተቀመጠው መሬት ላይ ነው። ስለ እናታቸው ሲያወሩ ዋሉ፤ ጌሾ ሻጯም ከማዶ አይታቸው ያን ቀን አላፊ አላስቆመችም።

መምህር አጥናፉ ይህን ብለው ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«ልጄ፣ አናጢው አንቺ ነሽ፤ ሳንቃዋም ጽሑፍሽ ናት። ሽማግሌ ያልመለሰውን ወንድም ሳንቃዋ የመለሰችው አምራ አይደለም። ሦስት እግር ብላ ተሳስታ፣ እሱ የሚገባበት ቀዳዳ ትታለት ነው። አናጢው ያን ቀን ወንድሙ በደጁ እንደሚያልፍ አላወቀም። እሱ የሚያውቀው ማለዳ ተነሥቶ መጻፍን ብቻ ነው። አንቺም የትኛው ቀን ለማን እንደሆነ አታውቂም፤ ስለዚህ ዕለት ዕለት ጻፊ። እስኪበስል አልሽኝ። ጽሑፍ ጓዳ ተቀምጦ አይበስልም፤ የሚበስለው ሰው ዘንድ ሲደርስ ነው። የሚስቅብሽም ይመጣል፤ ይምጣ፣ መንገደኛ ነው፣ ያልፋል።»

ከዚያ፣ «ለመሆኑ የዛሬውን አውጥተሻል?» አሏት።

አላወጣችም ነበርና ትርንጎ አቀረቀረች።

«በይ እንግዲያ ተነሺ» አሏት መምህር፣ ቀስ ብለው። «የሚጠብቅሽ ሰው ይኖራል።»