ሰሞነኛዋ ውርንጭላ

ቀረብ በሉ እስቲ። «አለን» በሉኝ እንጂ፤ ዝም ላለ ሰው አልተርትም። እሺ፣ ስሙኝ።

ድሮ ድሮ፣ ሜዳው ሳይታረስ፣ ሣሩ ጉልበት ሲደርስ፣ እንስሳውም ዕቃውም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ቦሪት የምትባል ሴት የፈረስ ውርንጭላ ነበረች። ጌታዋ መምሬ አንዳርጌ የሚባሉ ቄስ ናቸው። በግቢው ውስጥ አንዲት አሮጊት ባዝራ፣ አንዲት በቅሎ፣ አንድም ነጭናጫ ኮርቻ አብረዋት ይኖሩ ነበር። እኔማ ያን ሜዳ ባሰብኩት ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ቦሪት ሁለት ዓመት አልፏት ሣሩ ሲለመልም፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ገላዋ ሌላ ሆነባት። ጅራቷን ከፍ ታደርጋለች፤ አሥር ጊዜ ትሸናለች፤ ከወንዝ ማዶ ያለው ድንጉላ ባሽካካ ቁጥር አጥር ልትዘል ይቃጣታል። ለምን እንደሆነ ግን አታውቅም።

መምሬ ደግሞ በዋዜማው ከቤተ ክርስቲያን ተራቸውን ጨርሰው ገብተው ነበርና፣ እናታቸውን ልጠይቅ ብለው ጫኗት። ቦሪት መምሬንም ኮርቻውንም ጭቃ ላይ አራገፈቻቸው።

«ኧረ ወገቤን» አለ ኮርቻው።

«አመለኛ ናት» አለች በቅሎዋ። «እኔን እዩኝ፤ ክረምት ከበጋ አንድ ነኝ።»

በቅሎዋ ክፉ ሆና አይደለም። መምሬ ውርንጭላዋን ከለመዱ እኔን ይተዉኛል ብላ ፈርታ ነው።

በሳምንቱ ቦሪት ጭምት ሆነች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ረጋ ብላ ጋጠች። ሦስት ሳምንት ሲሞላ፣ እንደገና በሰኞ ቀን፣ መምሬ ጫኗት። ደግማ አራገፈቻቸው።

«አላልኩም?» አለች በቅሎዋ።

«አመሏ ነው» አለ ኮርቻው።

መምሬም «ሦስተኛ ከጣለችኝ፣ ማርያምን፣ ቅዳሜ ገበያ ትወጣለች» ብለው ማሉ።

ሌላ ሦስት ሳምንት ሞላ። ጫኗት፤ ጣለቻቸው። መምሬ ልብሳቸውን አራግፈው ገመድ ፍለጋ ገቡ።

ቦሪት ወደ አሮጊቷ ባዝራ ሄዳ አለቀሰች። «እማማ፣ ምን ነካኝ? እኔ እኮ ልጥላቸው ብዬ አይደለም። ገላዬ ነው የማይሰማኝ። ይህን ሜዳ ትቼ የት እገባለሁ?»

ባዝራዋ ሳቅ አለች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ። «ልጄ፣ አድገሽ ነው። እኔም በዚሁ አጥር ሥር ስቅበጠበጥ ነበር። ያኔ ሣሩ ራሱ ስሜን የሚጠራኝ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ ይናፍቀኛል።»

ቅዳሜ ጠዋት መምሬ ቦሪትን አስረው ሲወጡ፣ ባዝራዋ በሩ ላይ ተገትራ ጠበቀቻቸው።

«መምሬ፣ ያለፈውን ሳምንት የት ከረሙ?»

«ቤተ ክርስቲያን ነዋ። ሰሞነኛ ነበርኩ፤ ስቀድስ እዚያው እያደርኩ።»

«ሰሞንዎ ሲያልቅስ?»

«እሑድ ለተረኛው አስረክቤ ቤቴ እገባለሁ።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ሁለት ሰሞን አርፌ፣ በሦስተኛው።»

«እንግዲያው ሰሞን በገቡ ቁጥር ከቤት ይጠፋሉ። ባለቤትዎ እትዬ አንድ ቀን ‹አመሉ ነው› ብለው ገበያ አውጥተውዎት ያውቃሉ?»

መምሬ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«እሷም ሰሞነኛ ናት» አለች ባዝራዋ። «አንድ ሳምንት ትገባለች፣ ሁለት ሳምንት ታርፋለች። እርስዎ ደግሞ የሚጫኗት ከሰሞን በወጡ ማግስት ብቻ ነው። እርስዎ ሲወጡ እሷ ትገባለች።»

መምሬ በጣታቸው ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። ከዚያ አፍረው ገመዱን ፈቱ።

«ታዲያ ከማዶው ድንጉላ ጋር ላገናኛት?»

«ይቆዩ እንጂ መምሬ። ሰሞኗ መጣ ማለት ለእናትነት ደረሰች ማለት አይደለም። አጥንቷ ይጥና።»

በጋ ገባ፤ ሣሩ ደረቀ፤ የቦሪትም ሰሞን ቀረ። «እማማ፣ ጠፋብኝ» ብላ ደነገጠች። «ሣሩ ሲመለስ ይመለሳል» አለቻት ባዝራዋ። ሣሩ ሲመለስ እውነትም ተመለሰ። ባዝራዋ ግን ያን ሣር አላየችውም፤ በበጋው ሞታለች።

ቦሪት ብቻዋን አጥሩ ሥር ቆማ ባዝራዋን ስታስብ፣ በቅሎዋ ቀስ ብላ ተጠጋቻት።

«ቦሪት፣ አስቀይሜሻለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔ ሰሞን የሚባል መጥቶልኝ አያውቅም። ሲመጣ ምን ይመስላል?»

ቦሪት ቂም ነበራት። በቅሎዋን ስታያት ግን አዘነችላት። «ሣሩ ስምሽን የሚጠራሽ ይመስልሻል» አለቻት፤ ከመጀመሪያውም ጀምራ አንድ በአንድ ነገረቻት።

አያችሁ ልጆቼ፣ የማናውቀውን ሁሉ አመል እንላለን። ቀን ቆጥረን ብንጠብቅ ኖሮ ስንቱን ከገበያ በመለስን።

እኔም ሰሞኔን ጨርሻለሁ። ተረኛው ማነው?