ሸምበቆው ሲያገሳ

በአንድ ወንዝ ዳር የሚኖሩ አራዊት አንድ ሕግ ነበራቸው። ንጉሡ አንበሳ ጧት ጧት ከኮረብታው ላይ ሳያገሳ ውሃ የሚቀምስ አልነበረም። ወንዙ ከአንበሳውም በፊት ይፈስ ነበር። ይህን የሚያነሣ ግን ባለጌ ይባላል።

ጥሩ ሕግ ነበር፤ ጉሮሮ እስካለ ድረስ።

አንድ ቀን ንጉሡ የጎሽ ቅልጥም ሲቆረጥም ስንጣሪ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረ። አጥንቱ ወጣ፤ ድምፁም አብሮት ወጣ። በማግስቱ አፉን ቢከፍት እንደ አሮጌ ወናፍ እፍ ያለ ነገር ብቻ ተሰማ። የሰማውም አጠገቡ የቆመው አማካሪው ጅብ ነው። «ዛሬስ ምድር ተንቀጠቀጠች» አለ ጅብ። ታች ያሉት ግን ምንም አልሰሙምና ሳይጠጡ ዋሉ። በሚቀጥለው ቀንም እንዲሁ። የድኩላ ግልገል ምላሱን አውጥቶ እናቱ እግር ሥር ተኛ።

ጉባኤ ተጠራ። ስለ ውሃ ጥም አይደለም፤ ስለ ንጉሡ ክብር ነው።

«አባ ዝንጀሮ፣ እጅ ያለህ አንተ ነህ። ድምፅ ሥራ» ተባለ።

ዝንጀሮ ወንዝ ዳር ያለውን ሸምበቆ ሲገነድስ ዋለ። ዳርቻው ጉቶ በጉቶ ሆነ። መጀመሪያ ቀጭን አገዳ መርጦ ጫፉ ላይ ትንሽ ስንጣሪ እንደ ምላስ አነሣላት።

«ጃንሆይ፣ ይችን በከንፈርዎ ላላ አድርገው ይያዙና ይንፉ። እሷ ስትንቀጠቀጥ አገዳው ይጮሃል።»

«ምላስ በንጉሥ ፊት መንቀጥቀጡ ያለ ነው» አለ ጅብ፣ ደስ ብሎት።

አንበሳ ነከሳት። ምላሲቱ ካገዳው ጋር ተጣበቀች፤ ዝም።

«ንቃዎት ነው ጃንሆይ፤ ጠበቅ ያድርጓት!» አለ ጅብ።

ጠበቅ አደረጋት። ደቀቀች።

«ላላ ቢያደርጓት እኮ...» አለ ዝንጀሮ።

«ንጉሥ ይላላ ነው የምትል?» አለ ጅብ።

ዝንጀሮ ወፈር ያለ ሸምበቆ አመጣ። «ይህ ምላስ የለውም። ትንፋሹ የሸምበቆውን አፍ ጠርዝ ሲመታ አንዴ ወደ ውስጥ፣ አንዴ ወደ ውጭ ይላል። የሚጮኸውም በዚያ መሐል ነው።»

ጅብ ብድግ አለ። «ወደ ውጭ? የንጉሥ ትንፋሽ ውጭ የሚፈሰው ለማን ብሎ ነው? ለጥንቸል?»

ጉባኤው ሳቀ። ትንፋሽ ሁሉ ወደ ውስጥ እንዲገባ ታወጀ። አንበሳ ሸምበቆውን እስከ ላንቃው ጎርሶ ነፋ። ጉንጩ አበጠ፤ ዓይኑ ቀላ። በወዲያኛው ጫፍ ትንሽ ለሃጭ ወጣ።

«ግሩም ነው!» አለ ጅብ።

በነጋታው ጎሕ ሲቀድ ነፋስ ተነሣ። አማካሪ አልነበረውም። ዝንጀሮ ቆርጦ በተዋቸው የሸምበቆ ጉቶዎች አፍ ላይ አግድም ሽው ብሎ ሲያልፍ ሁሉም ባንድነት አጓሩ። ድምፁ ኮረብታውን መትቶ ተመለሰ። አራዊቱ ተያዩ። ድኩላ ግልገሏን ባፍንጫዋ ገፋ ገፋ አድርጋ አስነሣችው፤ ወረዱም። የቀሩት ተከተሏቸው።

ጅብ እየሮጠ ደረሰ፤ አንበሳም ከኋላው። «ማን ፈቅዶላችሁ ነው?»

ድኩላ ካፏ ውሃ እየተንጠባጠበ ቀና አለች። «ጃንሆይ ሲያገሱ ሰምተን ነዋ፣ አያ ጅቦ። እሳቸው አልነበሩም እንዴ?»

ሁሉም ወደ አንበሳው ዞረ። አይደለሁም ቢል ድምፅ የለኝም ማለቱ ነው። ጉቶውን አየ፤ ጅቡን አየ። ከዚያ አዎ በሚል ራሱን ነቀነቀ።

«ታዲያ ማን ሊሆን ኖሯል!» አለ ጅብ።

ከዚያ ወዲህ ነፋስ በነፈሰ ጧት ሁሉ ይጠጣል። የንጉሡ ድምፅ ከድሮው በረታ ተብሎም ይወደሳል።

ትናንት ነፋስ አልነበረም። ዛሬም የለም። አራዊቱ ጆሯቸውን ወደ ኮረብታው አቁመው ወንዙ ዳር ተሰልፈዋል፤ ድኩላም ከነግልገሏ አለች። ውሃው ኮቴያቸውን እየነካ ያልፋል።