እንስራ መድፊያ

በግራር አፋፍ በእያንዳንዱ ቤት ደጅ፣ ከአጥሩ ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ አናቱ የተደለደለ ድንጋይ አለ። ልጅ በሚጋባ በሽታ ሲተኛ እናቲቱ እንስራዋን አምጥታ ድንጋዩ ላይ ትደፋለች፤ ጠያቂም ተደፍታ ካያት ከዚያ አያልፍም፣ የያዘውን አስቀምጦ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እንስራዋ እንዴት አደረች?» ይላል እንጂ። ከእነዚህ ድንጋዮች ሁሉ የመጀመሪያው ግን በመንደሩ መግቢያ ያለው ጥቁሩ ነው ይባላል፤ እንስራ መድፊያ የሚለውም ስም የእሱ ብቻ ነው።

ሽማግሌዎች እንደሚያወሩት ነገሩ የሆነው ክትባት የሚባል በአገሩ ሳይሰማ፣ ፈንጣጣ በየጥቂት ዓመቱ እየተመላለሰ ልጅ በሚለቅምበት ዘመን ነው። ከድንጋዩ በላይ ስንዱ የምትባል ሴት ነበረች፤ ባሏ ለንግድ ቆላ ወርዶ፣ ከአምስት ዓመት ልጇ ከእንጉዳይና ሁለት ወር ካልሞላው ጨቅላዋ ጋር ቀርታ ነበር። የባሏ ታላቅ እህት ትርንጎም እዚያው አጠገቧ ትኖር ነበር። ትርንጎን ፈንጣጣ በልጅነቷ ይዟት፣ ፊቷን አበላሽቶ በሕይወት ለቋታል።

አንድ ቀን ትርንጎ ከወንዙ ማዶ ያለች ዘመዷ ልጆች ፈንጣጣ እንደያዛቸው ሰማች። የታመመ አለመጠየቅ ነውር ነውና ሄደች፤ እኔን አንዴ ይዞ ለቆኛል፣ ዳግም አይደፍረኝም ብላም ሳትፈራ ልጆቹን ስታቅፍ፣ ስታገላብጥ፣ በነጠላዋ ስትሸፍን ውላ ተመለሰች። እሷን አለመንካቱን እንጂ ከእሷ ጋር አብሮ መንገድ ሊሄድ እንደሚችል አላሰበችም። ቤቷ ሳትገባ በስንዱ በኩል አለፈች፤ እንጉዳይ እንደ ልማዷ ሮጣ መጥታ እቅፏ ውስጥ እንቅልፍ ሲወስዳት፣ ትርንጎ በዚያችው ነጠላ ሸፈነቻት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እንጉዳይ ትኩሳት ያዛት። ትርንጎ ሌላ በሽታ ይሁን እያለች ሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን ልጅቱ ፊት ላይ ፈንጣጣው ሲወጣባት ጎረቤቱ ሁሉ የፈጣሪ ቁጣ ነው አለ። ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም። እሷ ግን ስንዱ ደጅ ሄዳ ቆመችና፣ «ያመጣሁባት እኔ ነኝ፤ በነጠላዬ» አለች።

ስንዱ ስትመልስላት እንደ ወትሮው እትዬ አላለቻትም።

«ታዲያ አሁን ምን ፈልገሽ መጣሽ?»

«ልጅቱን ስጪኝ። እኔ ከጓሮ ባለችው ጎጆ ውስጥ ላስታምማት፣ አንቺ ከጨቅላው ጋር ትልቁ ቤት ሁኚ። እናንተን ገና አልያዛችሁም፤ እኔን ደግሞ አይነካኝም።»

«ያሳመምሻትን ልጅ መልሼ ላንቺ ልስጥ?»

«ሌላ ማን አለሽ?»

ስንዱ ጨቅላዋን አየችው፣ ከዚያ ወደ ጎጆዋ በእጇ አመለከተች፤ ፊቷን አዙራም አለቀሰች ይባላል።

ትርንጎ የልጅቱን ዓይን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እያበሰች፣ እንዳታክ ጣቶቿን በለስላሳ ጨርቅ እየጠቀለለች፣ ቀጭን አጥሚት በማንኪያ ጫፍ ታጠጣት ጀመር። ምንጩ የመንደሩ ሁሉ ነውና ወደዚያ መውረድ ፈራች፤ እንስራዋን መንገድ ዳር ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ደፋችና፣ እስክትቀና ማንም እንዳያልፍ፣ ውኃም ምግብም እዚያው እንዲተውላት ለመንደሩ ጮኻ ተናገረች።

ጠያቂዎቹ ተቀየሙ። ድፎ ዳቦ ተሸክመው የመጡት አባ ወንድይፍራው እንስራዋ ፊት ቆመው፣ «እኛ የመጣነው እንስራ ልንጠይቅ ነው እንዴ?» አሉ።

«አዎ አባቴ፣ እሷን ይጠይቋት» አለች ትርንጎ ከጎጆዋ። «እኔ እመልስላታለሁ።»

ሽማግሌው በማግስቱ ለማሾፍ ያህል መጥተው፣ «እንስራዋ እንዴት አደረች?» ቢሉ፣ «ዛሬ ውኃ ጠጥታለች» የሚል መልስ ሰሙ። በሌላው ቀን፣ «አንድ ዓይኗን ገልጣለች» ተባሉ። እያደር ማሾፉ ቀረና መጠየቁ ብቻ ቀጠለ፤ መንደሩም የልጅቱን ወሬ ከእሳቸው አፍ ይጠብቅ ጀመር። አንድ ቀን ግን ቢጠሩ፣ ደግመው ቢጠሩ መልስ ጠፋ። ስንዱ ከትልቁ ቤት በር ላይ ጨቅላዋን እንደታቀፈች ደርቃ ቀረች። አባ ወንድይፍራው ድንጋዩ አጠገብ ተቀመጡ፤ መሄድም መግባትም አልቻሉም። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ከጎጆዋ የትርንጎ የተጎተተ ድምፅ መጣ።

«ትኩሳቱ ለቋት፣ ላብ በላብ ሆና ተኝታለች። እኔም አብሬያት እንቅልፍ ወስዶኝ ነው።»

ሽማግሌው መጀመሪያ ተሳደቡ፣ ከዚያ ሳቁ፣ ከዚያም እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ ይባላል።

ቅርፊቱ ከልጅቱ ገላ እስኪረግፍ፣ ነጠላውና መኝታው እስኪቃጠል አርባ ቀን ሆነ። ጨቅላውን ምንም አልነካውም። በአርባኛው ቀን ስንዱ ራሷ ወርዳ እንስራዋን ከድንጋዩ አነሳች፣ አፏን ወደ ላይ አድርጋ አቀናቻትና ትርንጎን ጠራቻት።

«እትዬ፣ ውኃ አልቆብናል። ነይ አብረን እንውረድ።»

ከዚያ ወዲህ በግራር አፋፍ የታመመ ሰው ጠይቆ የሚመለስ ሁሉ ልጅ ያለበት ቤት ሳይገባ ከድንጋዩ ቆሞ ከየት እንደመጣ ይናገራል፤ የተናገረ አይወቀስም፣ ቁም የተባለም አይቀየምም። እኔ አንድ ዓመት ከኩፍኝ ቤት ስመለስ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ሳልናገር አልፌ ነበር፤ የጎረቤቴ ልጅ ታማ እስክትድን ድረስ ያሳለፍኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬ ፈንጣጣ ከአገሩ ጠፍቷል፤ ለኩፍኙም ክትባት አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በክትባት ቀን ሳጥኗን የምታሳርፈው ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ነው፤ ከአጠገቡም ሰልፍ የያዙት ልጆች የሚጠጡት ውኃ የሞላባት እንስራ ትቆማለች። እናቶች ሲገናኙ ስለ ልጆቻቸው የሚጠያየቁት አሁንም በዚያው ቃል ነው።

«እንስራዋ እንዴት አደረች?»

«ተመስገን፣ ቀና ብላ።»