በርበሬ ያልነካው ድስት

ሩቅ ዘመን ነው፤ ሰው በሆዱ ሕመም እንደ ሌባ በሚያፍርበት ዘመን። ያ ዘመን አልፏል የሚሉ አሉ። እናንተ ስሙና ፍረዱ።

ግራር አፋፍ በምትባል መንደር እንጉዳይ የምትባል ሴት ነበረች። መሬት የላትም፤ ከብት የላትም፤ ዘመድም የላትም። ያላት አንዳርጌ የሚባል ባልና ሁለት እጇ ነው። አንዳርጌ እንጨት ይፈልጣል። እሷ ድግስ ባለበት ቤት ሁሉ ድስት ታጥባለች። ሠርግ ሲሆን ታጥባለች፤ ክርስትና ሲሆን ታጥባለች፤ ተዝካር ሲሆን ታጥባለች። ወጥ የሠራችው ትመሰገናለች፤ ጠጅ የጣለችው ትመሰገናለች። ድስት አጣቢን ያመሰገነ ሰው ግን በዚያ አገር አልታየም፤ በሌላም አገር አልታየም።

አንዳርጌ ቃር ነበረበት። ቃር ሲሉት ቀላል ይመስላል። ለእሱ ግን መብላት ማለት ደረቱ መንደድ ማለት ነበር። ጋደም ሲል ኮምጣጣ ውሃ ጉሮሮው ድረስ ይመጣበታል፤ ጨጓራውን ሲይዘው ጉልበቱን አገጩ ድረስ አጥፎ ይቀመጣል። እንጉዳይ ተልባ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በለብታ ውሃ በጥብጣ ታጠጣዋለች። ወጡን ያለ በርበሬ ትሠራለታለች። እንጀራውን ቡኮው ሳይኮመጥጥ አፍለኛውን ትሰጠዋለች። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት ቆየ፤ ሕመሙም ጋብ አለለት። ነገሩን ግን ለማንም አልተናገሩም። በርበሬ የማይችል ወንድ በግራር አፋፍ ወንድ አይባልም ነበር።

የመንደሩ ጭቃ ሹም ወንድይራድ ለልጁ ሚስት አመጣ። ታላቅ ሠርግ ሆነ፤ እንጨት ፈላጩም ሳይቀር ተጠራ። ጭቃ ሹሙ እጅጌውን ሰብስቦ በቀይ ወጥ ያጎርስ ጀመር።

«በሞቴ!» ብሎ አንዳርጌን አጎረሰው።

«ጌታዬ፣ ጠግቤያለሁ።»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል!» ብሎ ደገመው።

አንዳርጌ በላብ ተነከረ። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው አየና፣ «ተዉት ጌታዬ፣ አንዳርጌ እንደ አራስ አጥሚት ነው የሚሻለው» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዳርጌም ሦስተኛውን ጉርሻ አፉን ከፍቶ ተቀበለ፤ በላዩም አረቄ አስጨለጡት።

እንጉዳይ በጓዳው በር ቆማ ታያለች። እጇ አመድ በአመድ ነው። «ተዉት፣ ታሟል» ልትል አፏን ከፈተች። ባሏን በሰው ፊት እንዳታዋርድ ብላ መልሳ ዘጋችው። በሦስተኛው ቀን አንዳርጌ ደም አስታወከ። ተልባ በጠበጠችለት። ደም ያስታወከን ሰው ተልባ አይመልሰውም። በአምስተኛው ቀን ቀበሩት። ጭቃ ሹሙ ለቀስተኛ ሆኖ መጣና፣ «እግዜር ያጥናሽ፤ ምች ነው የመታው» አላት።

ከዚያ ወዲያ እንጉዳይ ድስት ማጠቧን አልተወችም፤ ግን ሳታጥብ በፊት ታያለች። ሰው የበላውን ሁሉም ያያል። ሰው የተወውን የምታይ እሷ ብቻ ናት። ማን ወጥ የነካውን እንጀራ ጠቅልሎ ከሌማቱ ሥር እንደ ሸሸገ ታያለች። ማን ዳር ዳሩን ብቻ እንደ ቆረሰ ታያለች። ከዚያ በማግስቱ ተልባዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ሰውየው ቤት ትሄዳለች፤ ብቻውን ስታገኘው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትነግረዋለች። «ትንሽ ትንሽ ብላ። በልተህ ወዲያው አትተኛ። ራስህን ከፍ አድርገህ ተኛ። ውሃውን አፍልተህ ጠጣ። አረቄውን ተው።» ብዙዎቹ ተሻላቸው። የተሻላቸውም መንገድ ላይ ሲያገኟት ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ሰላም ካሏት በሽታቸው ይታወቃላ!

ሁለተኛው ነገር በዚያችው በጭቃ ሹሙ ምራት መጣ። ስሟ ትጓደድ ነው። በገባች በዓመቷ ከሳች፤ የበላችውን ሁሉ ትመልሳለች። አማቷ አሰገደች፣ የጭቃ ሹሙ ሚስት፣ መጀመሪያ «ወጤን ንቃ ነው» አለች። ቀጥላ «ቡዳ በልቷታል» አለች። ልጅቱን በጭስ አጠኗት፤ ስታስል «ቡዳው ጮኸ! ጮኸ!» አሉ። እንጉዳይ የልጅቱን ገበታ አይታ ነበርና አመዱን ከእጇ ሳታራግፍ ገባች።

«እመቤቴ፣ ቡዳ አይደለም። ጨጓራዋ ቆስሏል።»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አዋቂ የሆንሽው?»

«አዋቂ አይደለሁም። ባሌን ቀብሬያለሁ።»

አሰገደች ጭሱን አስወጣች። አርባ ቀን እንጉዳይ እየተመላለሰች ልጅቱን አስታመመች። ጠዋት ተልባ፣ ረፋድ ላይ የገብስ አጥሚት፣ ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጥቂት ቅንጬ። በአርባኛው ቀን የትጓደድ ጉንጭ ሞላ። አሰገደች «ያስረጨኋት ጸበል ያዘላት» ብላ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ሰጠች። ለእንጉዳይ ያልታጠበ ድስት ሰጠቻት።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ ይከፋል። ጭቃ ሹሙ የአባቱን ተዝካር ሊያወጣ ደገሰ፤ የሰባት ደብር ሰው ጠራ። ተዝካሩ አንድ ሳምንት ሲቀረው እንጉዳይ የቤቱን ገበታ ስታነሳ፣ ጭቃ ሹሙ በተቀመጠበት በኩል ወጥ የነካው እንጀራ ከሌማቱ ሥር ተጠቅልሎ አገኘች። ቁጭ ብላ ብዙ አየችው። ለማንም አልተናገረችም። ያጎረሰ እጅ ይጉረሳ፣ አለች በልቧ። ሦስት ቀን እንዲሁ ዋለች። በአራተኛው ቀን ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ጭቃ ሹሙን ከጎተራው ጀርባ አየችው፤ ጉልበቱን አገጩ ድረስ አጥፎ ተቀምጧል። አቀማመጡ ልክ የአንዳርጌ ነው። እንስራዋን አወረደች።

«ጌታዬ፣ በተዝካሩ ቀን ቀይ ወጥ ከበሉ ይሞታሉ።»

«ማን ነገረሽ?»

«የተዉት እንጀራ።»

«ለሰው ትንፍሽ ብትዪ ምላስሽን አስቆርጣለሁ! የሰባት ደብር ሰው እያየኝ፣ በአባቴ ተዝካር፣ እኔ ወንድይራድ ብቻዬን አልጫ ልብላ?»

«ብቻዎን አይበሉም» አለች።

ከትጓደድ ጋር መከረች። የተዝካሩ ቀን የመጀመሪያው ድስት በርበሬ ሳይነካው ተሠራ፤ እርድና ጨው ብቻ፤ ቅቤውም ጥቂት። ለካህኑም፣ ለመኳንንቱም፣ ለጭቃ ሹሙም ከዚያው ድስት ቀረበ። ጭቃ ሹሙ በላ። ከወራት ወዲህ ሳያቃጥለው የበላው ያን ቀን ነው። ከእንግዶቹ አንዱ ግን ወጡን ቀምሶ፣ «ምነው፣ የወንድይራድ በርበሬ ዝናብ መታው እንዴ?» አለ። ሰው ሳቀ።

የጭቃ ሹሙ ፊት ተለዋወጠ። «አሞኛል» የሚል አንድ ቃል ይበቃው ነበር። የተናገረው ግን ይህን ነው፦ «ያቺ ድስት አጣቢ ናት ያበላሸችብኝ! ማን ከጓዳዬ አስገባት? አውጡልኝ!»

ትጓደድ ከመጋረጃው ጀርባ አለቀሰች፤ ምራት በአማቷ ፊት አትናገርም። እንጉዳይ ሕመሙን መናገር ትችል ነበር። ብትናገር ግን ያ ሰው ወንድነቱን ሊያሳይ ቀዩን ወጥ ይበላል፤ ይሞታልም። ስለዚህ ዝም ብላ ወጣች። አመዱ እጇ ላይ እንደ ደረቀ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ የጠራት ቤት የለም። ሥራ ስታጣ ወደ ቆላ ወረደች። ጭቃ ሹሙ ዳነ፤ ትጓደድ ከእንጉዳይ የተማረችውን በስውር እየሠራችለት ወፈረ። ሁለት ዓመት አለፈ። የልጅ ልጁ ክርስትና ሲደርስ ነገሩ ከነከነውና በቅሎ ጭኖ አሽከር ወደ ቆላ ላከ። አሽከሩ ባዶ በቅሎ እየጎተተ ተመለሰ። «በሰኔ ሞታለች። የቀበሯት ስሟን እንኳ የማያውቁ ሰዎች ናቸው» አለ።

በክርስትናው ቀን ጭቃ ሹሙ ተነሣ። በርበሬ የሌለው ድስት ፊቱ አስቀርቦ፣ ሰው ሁሉ እያየው በላ። «ይህ መድኃኒቴ ነው። ያተረፈችኝ እንጉዳይ ናት፤ ያባረርኳትም እኔ ነኝ» አለ። የአንዳርጌን ስም ግን አላነሣም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በግራር አፋፍ በየድግሱ የሚከፈተው የመጀመሪያ ድስት በርበሬ አይገባበትም። የእንጉዳይ ይሉታል። ካህኑም፣ ሹሙም፣ ጎረምሳውም ከእሱ ሦስት ሦስት ጉርሻ ሳይቀምስ ወደ ቀዩ ወጥ አይሻገርም። የታመመው ከጤነኛው አይለይም፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ደግ ልማድ ነው፤ አልክድም። ስንት ሰው ተርፎበታል።

በዚያ አገር ለደሀውም ቢሆን ንፍሮ ተቀቅሎ ተዝካር ይወጣል። በየተዝካሩም መጀመሪያ የሚጠራው ስም የእሷ ነው። ለእሷ ግን እስከ ዛሬ ተዝካር ያወጣ የለም።